ባክሆ ከመግዛታችሁ በፊት የሥራ ደብተራችሁን ግለጡ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔና ጥቂት ጓደኞቼ አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የአረንጓዴ ሥራ ድርጅት አለን። የግቢ አትክልት እናለማለን፣ ሣር እናነጥፋለን፣ ዛፍ እንተክላለን፣ የእግረኛ መንገድ በድንጋይ እንሠራለን፣ የውሃ መስመር እንቀብራለን። የምጽፍላችሁ ስለ ማሽን ግዢ ነው። ጉዳዩ የእኛ ብቻ ቢሆን ጋዜጣ ድረስ አላመጣውም ነበር። ነገር ግን በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ወጣቶች ባልሆነ ማሽን ዕዳ ውስጥ ሲገቡ እያየሁ ዝም ማለት ከበደኝ።

በ2011 ዓ.ም. የሸገር ወንዞች ዳርቻ ፕሮጀክት ሲጀመር፣ ኋላም በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ሥራው በአንዴ ሰፋ። አሁን ከአዲስ አበባ አልፎ ሐዋሳም፣ ባሕር ዳርም፣ ጅማም፣ አዳማም ገብቷል። በአካፋና በዶማ የጀመረ ማኅበር ትንሽ ብር ሲይዝ የመጀመሪያ ጥያቄው "ምን ማሽን እንግዛ?" ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ባክሆ ሎደር።

ምክንያታቸው ይገባኛል። ባክሆ ከፊት መጫኛ፣ ከኋላ መቆፈሪያ አለው። በራሱ ጎማ አስፋልት ላይ ስለሚሄድ የሚያጓጉዘው ሎቤድ (የከባድ ማሽን መጫኛ ተጎታች) አይፈልግም። ሥራ ሲጠፋ ለሌላ ተቋራጭ በሰዓት ይከራያል። ሰፈር ውስጥ ሲቆምም ድርጅቱ አድጓል ያሰኛል። ይሄ የመጨረሻው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ደንበኛም፣ ቤተሰብም፣ አበዳሪም ዓይኑ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

እኔ ግን በግልጽ እናገራለሁ። ለትንሽ የአረንጓዴ ሥራ ድርጅት የመጀመሪያው ግዢ ባክሆ መሆን የለበትም። መጀመሪያ አይሱዙ ገልባጭ፣ ቀጥሎ ሚኒ ኤክስካቫተር፣ ማለትም በሰንሰለት የሚሄድ ትንሽ መቆፈሪያ ማሽን። ባክሆውን በሚያስፈልግበት ቀን ተከራዩት።

ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳ። ያለፈውን ዓመት የሥራ ደብተራችሁን ግለጡና ጊዜያችሁ የት እንደጠፋ እዩ። የእኛን ሥራ ከውጭ የሚያየው ሰው ቁፋሮ ይመስለዋል። አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው ግን በማመላለስ ነው። ፍርስራሽ ይወጣል፣ ለም አፈር ይገባል፣ ፍግ ይገባል፣ ድንጋይ ይገባል፣ የተረፈው ገረጋንቲ እንደገና ይወጣል። አንድ ሜትር ኪዩብ እርጥብ አፈር ከ15 እስከ 18 ኩንታል ይመዝናል። መካከለኛ ግቢ እንኳ በትክክል ይሠራ ከተባለ በደርዘን የሚቆጠር ሜትር ኪዩብ ይንቀሳቀሳል። ያን ሁሉ በቢያጆ ሒሳብ ለባለ መኪና እየከፈላችሁ ከሆነ ትርፋችሁ የሚሄደው ወደዚያ ነው። መኪናው ደግሞ በምትፈልጉት ሰዓት አይመጣም። ጠዋት ይመጣል የተባለው ከሰዓት ይደርሳል፣ የቀን ሠራተኞቹ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፣ የቀን ሒሳባቸው ግን አይቀርም።

አይሱዙ ገልባጭ በሳምንት ውስጥ የማይሠራበት ቀን ጥቂት ነው። ክረምት ሲገባ ቁፋሮ ይቀዘቅዛል፤ ችግኝ፣ አፈርና ፍግ ማመላለስ ግን ያኔ ይብሳል። መኪናው ቢበላሽ የማያውቀው መካኒክ የለም። መለዋወጫው ሱማሌ ተራም አለ፣ ክፍለ ሀገርም አለ። ልሽጠው ብትሉ ገዢ ፍለጋ ወራት አትንከራተቱም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ነገ የምትገዙትን ትንሽ ማሽን የሚያጓጉዝላችሁ እሱ ነው።

አሁን ወደ ትንሹ ማሽን ልምጣ። ሲኤምሲና ሰሚት አካባቢ ያሉትን ቪላዎች አስቧቸው። የፊት በሩ ሰፊ ነው፤ መኪና ያስገባል። አትክልቱ ያለው ግን ከቤቱ ጀርባ ነው። ወደዚያ የሚወስደው በቤቱ ግድግዳና በአጥሩ መካከል ያለ ቀጭን መተላለፊያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ባክሆ ስፋቱ 2 ሜትር ከ30 ገደማ ነው። ስለዚህ ምን ይሆናል? ማሽኑ በር ላይ ይቆማል። ሰዎቹ አፈሩን በባሬላ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ በመተላለፊያው ውስጥ ያመላልሳሉ። ግድግዳው ይፋቃል፣ የቤቱ ባለቤት ይቆጣል፣ በሰዓት የሚከፈለው ማሽን ሞተሩ እየሠራ ይጠብቃል። ይህን ያላየ የአረንጓዴ ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም።

ወደ 17 ኩንታል የሚመዝን ሚኒ ኤክስካቫተር ግን በዚያ መተላለፊያ ያልፋል። አንዳንዶቹ ሰንሰለታቸውን ወደ ውስጥ ሰብስበው ወደ አንድ ሜትር ስፋት ይጠብባሉ፤ ገብተው ሥራ ሲጀምሩ እንደገና ይዘረጉታል። ጥልቀቱ 2 ሜትር ከምናምን ይቆፍራል። የዛፍ ጉድጓድ፣ የውሃ መስመር፣ የድጋፍ ግንብ መሠረት፣ ትንሽ ኩሬ፣ ከዚህ በላይ የሚፈልግ የግቢ ሥራ ብዙም አይገጥማችሁም። ነዳጁም የትልቁን ግማሽ እንኳ አይሆንም።

ስለ አፈር ሳልናገር ባልፍ ግን ቅር ይለኛል፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው እሱን ነውና። ቦሌ፣ አቃቂ፣ በምሥራቅና በደቡብ ያለው የከተማው ክፍል አብዛኛው ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይሆናል። ወደ 80 ኩንታል የሚመዝን ባክሆ እርጥብ ዋልካ ላይ ሲመላለስ ጎማው መስመጡ ብቻ አይደለም ጉዳቱ። በአፈሩ ውስጥ ያለችውን አየር ያወጣታል። ሥር የሚተነፍሰው፣ ውሃም የሚሰርገው በዚያች ክፍተት ነው። ከላይ አለስልሳችሁ ሣር ታነጥፋላችሁ፣ ለምርቃቱ ቀን አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፣ ደንበኛውም ይደሰታል። ክረምቱ ሲመጣ ግን ውሃው በጎማው ዱካ ልክ ይቋጥራል፣ ሣሩም በዚያው መስመር ቢጫ ይሆናል። ከዚያ ስልክ ይደወላል። አፍርሶ መልሶ መሥራት በማን ወጪ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ባለ ሰንሰለት ትንሽ ማሽን ክብደቱም ያነሰ ነው፤ ያለውንም በሰፊ መሬት ላይ ያከፋፍለዋል። ጉዳቱ ፈጽሞ ይቀራል ማለቴ አይደለም። ዋልካ ሲረጥብ በሰው እግርም ይጠቀጠቃል። ልዩነቱ ግን በዓይን የሚታይ ነው። ወደ ጉለሌና እንጦጦ ሥር ያለው ቀይ አፈር ይሻላል፤ እዚያ ደግሞ ፈተናው ተዳፋቱ ነው።

ቦብካት፣ ያን ትንሹን መጫኛ ማሽን፣ ለምን አልመረጥክም የሚለኝ አይጠፋም። ጥሩ ማሽን ነው። ባለበት ይዞራል፣ ባኬቱ (መዛቂያው) ወልቆ ሹካ ወይም መሰርሰሪያ ይገጠምለታል፣ ኮብልስቶንና ጡብ ለማቀበል የሚያህለው የለም። ሥራችሁ በብዛት ንጣፍ ከሆነ በሚኒ ኤክስካቫተሩ ቦታ እሱን ብትወስዱ አልቃወምም። ነገር ግን የሚዞረው ጎማውን መሬት ላይ እየጎተተ ነው። አዲስ የተነጠፈ ሣር ላይ አንዴ ሲዞር ሣሩን ጠቅልሎ ያነሳዋል። ኦፐሬተሩም ኋላውን በደንብ አያይም። ልጆች ያሉበት ግቢ ውስጥ ይሄ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አንድ ማሽን 6 ሚሊዮን ብር ገዛችሁ እንበል፣ በመጨረሻ 2 ሚሊዮን ሸጣችሁት። ማሽኑ የበላው 4 ሚሊዮን ነው። በእነዚያ ዓመታት 8,000 ሰዓት ከሠራ በሰዓት 500 ብር ወጣበት ማለት ነው። 2,000 ሰዓት ብቻ ከሠራ ግን በሰዓት 2,000 ብር ነው። ብዙ ስላልሠራ መሸጫው ትንሽ ከፍ ቢል እንኳ ልዩነቱን አይሸፍነውም። ናፍጣ፣ የኦፐሬተር ደመወዝ፣ ወለድ፣ ኢንሹራንስ፣ የማታ ጥበቃ፣ ሁሉም ከዚህ በላይ ነው። የኪራይ ዋጋው ከዚህ ጠቅላላ ድምር ካነሰ መግዛት ኪሳራ ነው፤ ሌላ ምንም ምክር አያስፈልገውም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ እያንዳንዱ ማሽን ለእናንተ ሥራ በእውነት ስንት ሰዓት እንደሠራ ጻፉ። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። ከሥራ ቀኖቼ ከግማሽ በላይ የምፈልገውን እገዛለሁ፣ ከዚያ በታች የሆነውን እከራያለሁ።

"ትርፍ ሰዓቱን አከራየዋለሁ" የሚለው ሐሳብ ላይም ጠንቀቅ በሉ። ማከራየት ራሱን የቻለ ንግድ ነው። ደላላ አለው፣ ሒሳብ የሚያዘገይ ተቋራጭ አለው፣ በሌሊት ናፍጣ የሚቀዳ አለው። ሥራው ሞቅ ሲል እናንተም ማሽናችሁን ትፈልጉታላችሁ፤ ሥራው ሲቀዘቅዝ ደግሞ የሁሉም ማሽን ቆሟል። የብድሩ ወር ግን አይቆምም።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ፣ አብዛኞቻችን ያገለገለ ነው የምንገዛው፣ ደላላው ሳይጠብቃችሁ በጠዋት ሂዱ። መጀመሪያ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ። ሞቅ ካለ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት አስነስተውታል ማለት ነው፤ በቀዝቃዛው እንዴት እንደሚነሳ እንዳታዩ። ሌላ ቀን እመጣለሁ በሉና ተመለሱ። በቀዝቃዛው ሲነሳ ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ጭስ ከቀጠለ ዘይት እየበላ ነው። ከዚያ ክንዱን ከፍ አድርጉና ሞተሩን አጥፉት። ቆማችሁ ተመልከቱ። ክንዱ ቶሎ ቶሎ ዝቅ የሚል ከሆነ የሲሊንደሩ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያመልጥ የሚይዘው ማሸጊያ) አልቋል ወይም ቫልቩ ያሳልፋል። ባኬቱን መሬት ላይ አሳርፋችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ግፉት። ፒንና ቡሹ (የመገጣጠሚያው ዘንግና ቀለበት) ካለቀ ቋ ቋ ሲል ትሰማላችሁ፣ በዓይንም ሲላቀቅ ይታያል። በጎማ ሰንሰለቱ ላይ ጣታችሁን አሂዱ፤ የብረት ሽቦው በስንጥቁ ከታየ ሰንሰለት መግዣውን ከዋጋው ላይ ቀንሱ። የሰዓት ቆጣሪውን ብቻ አትመኑ። 2,000 ሰዓት የሚያሳይ ማሽን የፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ካበራ፣ የመቀመጫው ስፖንጅ ከወጣ፣ ቁጥሩና ማሽኑ አይተዋወቁም።

ሌላው ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። አብዛኞቹ ሚኒ ኤክስካቫተሮች ደግሞ ተርቦ የላቸውም። ዱባይ ላይ ወይም በቪዲዮ ያያችሁት ጉልበት እዚህ የለም። ስለዚህ በጣም ትንሿን አትውሰዱ፤ በዋጋ ትንሽ ከፍ ብትልም አንድ ደረጃ ከፍ ያለችውን ምረጡ። በተለይ ሥራችሁ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ከሆነ።

ስለ መለዋወጫ ደግሞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። ከዚያ በፊት በአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። የሃይድሮሊክ ፓምፕ ወይም የጎማ ሰንሰለት ዋጋ ከዚሁ ጋር ነው የሚሄደው። በከተማው ውስጥ ሁለት ብቻ ያለ፣ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ማሽን በርካሽ ሲቀርብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ፊልትሮ ፈልጉለት። ፊልትሮው በአንድ ቀን ካልተገኘ ፓምፑን አታገኙትም። ርካሽ ማሽን አንድ ጎሚኒ አጥቶ ሁለት ወር ሲቆም ውድ ነው።

ኦፐሬተሩንም ከማሽኑ እኩል አስቡበት። የልዩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ የግቢ ሥራ አይችልም። መንገድ ሲቆርጥ የኖረ ጎበዝ ኦፐሬተር የሰው ግቢ ውስጥ የውሃ ቱቦና የመብራት ገመድ ሊበጥስ ይችላል፣ ችሎታ አንሶት ሳይሆን ልምዱ ሌላ ስለሆነ። ከራሳችሁ ልጆች አንዱን አስተምሩት። ተክሉን የሚያውቅ ልጅ ማሽኑን ሲማር፣ ዛፉ ሥር እንዳይሄድ የሚነግረው አይፈልግም።

አሁን ዋናውን ቅሬታዬን ላንሳ። ወጣቶቹ ትልቁን ማሽን የሚመርጡት በራሳቸው ብቻ አይደለም፣ ይገፋሉ። የካፒታል ዕቃ ኪራይ ሕጋችን ከአዋጅ 103/1990 ጀምሮ አለ፣ በ807/2005 ተሻሽሏል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ቤት ማስያዝ የማይችል ሰው ማሽኑን ራሱን ዋስትና አድርጎ ይሠራል፣ ከፍሎ ሲጨርስ የራሱ ይሆናል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክም 20 በመቶውን ደንበኛው፣ 80 በመቶውን ባንኩ በሚሸፍንበት አሠራር ለብዙ ሰው በር ከፍቷል። እኛ ግን ስሙን የማልጠቅሰው አንድ አበዳሪ ዘንድ የትንሽ ማሽን ዋጋ ማቅረቢያ ይዘን ስንሄድ የተነገረን "ይሄ እኛ ዘንድ አልተለመደም፣ ባክሆ ወይም ሎደር ብትጠይቁ ቶሎ ያልቅላችኋል" የሚል ነበር። የተናገረው ልጅ ክፉ አልነበረም። እንዲያውም ሊረዳን ነው የፈለገው። ትልቁ ማሽን ዋጋው የታወቀ ነው፣ ዕዳው ቢቆም ተነጥቆ የሚሸጥበት ገበያ አለው። ለአበዳሪው ይቀላል። ለእኛ ግን ዕዳው በብዙ እጥፍ ይከብዳል፣ ሥራችንም አይፈልገውም።

የጨረታ ሰነዱም እንደዚሁ ነው። ለአንድ አደባባይ ሣርና ዛፍ የሚያወዳድር መሥሪያ ቤት አንዳንዴ የባክሆ ወይም የሎደር ሊብሬ በተጫራቹ ስም እንዲቀርብ ይጠይቃል። ማሽኑ በዚያ ሥራ ላይ የሚቆየው ምናልባት ሁለት ቀን ነው። ለሁለት ቀን ሥራ የሚሊዮኖች ብር ዕዳ ካልገባህ አትወዳደርም ማለት ነው። የኪራይ ውል ለምን አይበቃም? ሥራው የሚመዘነው በተተከለው ዛፍ ጤንነት፣ በውሃው አወራረድ፣ ከዓመት በኋላ ሣሩ ቆሞ በመገኘቱ መሆን ነበረበት። ለዚህ የሚጠየቅ ሰነድ ግን እምብዛም አላይም። አንዳንዱ የሚጠይቀው የባለሙያ ዲግሪ ነው። ጥሩ ነው፣ ይጠየቅ። ግን ያ ተጫራች ባለፈው ዓመት የሠራው ሥራ ሄዶ ቢታይ ከሁሉም በላይ ይናገር ነበር።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አበዳሪዎች ከ15 እስከ 35 ኩንታል የሚመዝኑ ሚኒ ኤክስካቫተሮችንና ትንንሽ ሎደሮችን በኪራይ ግዢ ዝርዝራቸው ውስጥ ያስገቡ፤ ዋስትናው ያሳስበናል ካሉ ከአስመጪዎች ጋር የመልሶ ግዢ ስምምነት ያድርጉ። የአረንጓዴ ሥራ ጨረታ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ለከባድ ማሽን የኪራይ ውል ከሊብሬ እኩል ይቀበሉ። ዘጋቢያችሁ ሁለቱንም ወገን ጠይቆ መልሳቸውን ብታትሙልን ብዙ ማኅበር ይጠቀማል። የዘንድሮው በጀት ሳያልቅ፣ ጨረታዎቹም ሳይዘጉ ቢሆን ደግሞ ደስ ይለናል።

አክባሪያችሁ፣
የአረንጓዴ ሥራ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ